«ኔም» ሲባል ሦስት ስም የጻፈው ልጅ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማታ ማታ የብሎካችንን ልጆች አስጠናለሁ። ቦታው አዲስ አበባ የምታልቅበት ነው። በአንድ በኩል ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ይጀምራል። በሌላ በኩል ከመጨረሻው ብሎክ ጀርባ የእርሻ ማሳ ይታያል። የምናጠናበት ጠረጴዛ ደረጃው ሥር ነው። መብራት ሲጠፋ በስልክ ባትሪ እንቀጥላለን።

ባለፈው አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ የእንግሊዝኛ ፈተናውን ይዞ መጣ። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ኔም ስሪ ሪቨርስ ኢን ኢትዮጵያ» ይላል። ሦስት የኢትዮጵያ ወንዞችን ጥቀስ ማለት ነው። ልጁ መልሱ ቦታ ላይ የራሱን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም ጽፏል። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ተደርጎበታል።

እናቱ አብራው ነበረች። «ኧረ ይሄን ልጅ አስረዳልኝ፤ ወንዝ ጠፍቶት እኮ አይደለም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ወንዝ ጥራ ስለው አባይ፣ አዋሽ፣ ኦሞ ብሎ ሳይተነፍስ ዘረዘረልኝ። ዋቢ ሸበሌንም ጨመረ። «ኔም» ስም እንደሆነ ያውቃል። «ስሪ» ሦስት እንደሆነ ያውቃል። እኛ ዘንድ ደግሞ ሙሉ ስም ሲባል ሦስት ነው። ልጁ በሚያውቀው ልክ በደንብ አስቧል። የጎደለችው አንዲት ነገር ናት። «ኔም» አንዳንዴ ስም ሳይሆን ግስ ይሆናል። ያን ጊዜ ትርጉሙ «ጥቀስ» ነው።

ይህችን ነገር ቁጭ ብሎ የሚያስረዳቸው በማጣት ስንት ልጅ የሚያውቀውን ጥያቄ ይስታል። በጣም ያንገበግበኛል። ስለዚህ ያን ማታ ለእሱ ያስረዳሁትን፣ ትንሽ ሰፋ አድርጌ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ከራሳችን ቋንቋ እንጀምር። በአማርኛ ስምና ግስ በመልካቸው ይለያሉ። ሥራ ስም ነው፣ ሠራ ግስ ነው። ቁልፍና ቆለፈ፣ መርዝና መረዘ፣ ደወልና ደወለም እንደዚያው። አጥንቱ፣ ማለትም ተነባቢዎቹ፣ አንድ ናቸው። የሚለዋወጠው አናባቢው ነው። አንድ ሰው ከአጥር ወዲያ «ቆለፈ!» ብሎ ቢጮህ፣ ሌላውን ወሬ ባንሰማ እንኳ ብዙ ነገር ይገባናል። ድርጊት ተፈጽሟል። አልፏል። የፈጸመው ደግሞ አንድ ወንድ ነው። ይህ ሁሉ አንዲት ቃል ውስጥ ታሽጓል።

እንግሊዝኛ ላይ ግን «ሎክ!» ብሎ ቢጮህ ምንም የተጨበጠ ነገር አናገኝም። ቁልፉን ነው? ቆልፍ ማለቱ ነው? ቃሉ ብቻውን አይነግረንም። የሚነግረን ጎረቤቱ ነው። ከፊቱ ማን ቆሟል? ከኋላው ማን ተከትሎታል? የእንግሊዝኛ ቃል ማንነቱን የሚያገኘው ከተቀመጠበት ወንበር ነው።

ልጁን ያስረዳሁት በውሃ ነው። በእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ልጆቹ ከምንም በላይ የሚያውቁት እሱን ነው። ከብሎካችን ጀርባ ደግሞ ጎረቤቶች ጎመን ተክለዋል። «ዘ ዋተር ኢዝ ኮልድ» ብዬ ጻፍኩ። ውሃው ቀዝቃዛ ነው። ቀጥዬ ከሥሩ «አይ ዋተር ዘ ጋርደን» ብዬ ጻፍኩ። አትክልቱን ውሃ አጠጣለሁ። «ዋተር» በሁለቱም ላይ አንድ ፊደል አልተቀየረም። በመጀመሪያው ግን ከፊቱ «ዘ» አለ። «ዘ» ካለ ከኋላው ስም ይመጣል። «ኤ»፣ «ማይ»፣ «ዩር»፣ «ዚስ» የሚባሉትም የስም ጎረቤቶች ናቸው። በሁለተኛው ከፊቱ «አይ» አለ፤ አድራጊው። ከኋላው ደግሞ ድርጊቱ ያረፈበት ነገር አለ፤ አትክልቱ። መሐል የቀረው የግስ ወንበር ብቻ ነው። «ካን»፣ «ዊል»፣ «መስት» ከፊት ሲቆሙም ቀጥሎ ግስ ይጠበቃል።

ታዲያ ከፊቱ ማንም ከሌለስ? ዓረፍተ ነገሩ በዚያው ቃል ከጀመረና ሌላ ግስ በአካባቢው ከሌለ ብዙውን ጊዜ ትእዛዝ ነው። «ኔም ስሪ ሪቨርስ» እዚህ ላይ ትወድቃለች። የፈተና መመሪያዎችን አንድ በአንድ አየናቸው። «ሊስት» ዝርዝር ነው፤ ትእዛዝ ሲሆን ዘርዝር። «ሰርክል» ክብ ነው፤ ትእዛዝ ሲሆን አክብብ። «አንሰር» መልስ ነው፤ ትእዛዝ ሲሆንም መልስ። እዚህ ላይ ልጁ ሳቀ። አማርኛውም አንድ ሆነበት። በጽሑፍ አንድ ነው፤ ስናነበው ግን ትእዛዙን «መልስ» ስንል ለ ትጠብቃለች፣ ስሙን ስንል ትላላለች። ወደዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ።

ከሁሉም የምፈራው «ስቴት» የሚለውን ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ሳይንስ መጽሐፍ ላይ «ስቴትስ ኦፍ ማተር» የሚል ርዕስ አለ። ጠጣር፣ ፈሳሽ፣ ጋዝ፤ የቁስ ሁኔታዎች ማለት ነው። እዚህ ስም ነው። ልጁ ይህን አጥንቶ ፈተና ላይ ደግሞ «ስቴት ኒውተንስ ፈርስት ሎው» የሚል ያገኛል። ሕጉን ጻፍ ነው የተባለው። «ሁኔታ» ብሎ የሸመደደ ልጅ ምን እንደተጠየቀ ግራ ይገባዋል። ሕጉን በአማርኛ ብትጠይቁት አንድ ቃል ሳያስቀር ይነግራችኋል። ስለዚህ ወላጆችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ልጃችሁ የእንግሊዝኛ ቃል ሲያጠና «ስቴት፣ እኩል ይሆናል፣ ሁኔታ» እያለ ብቻውን አይሸምድድ። ከነዓረፍተ ነገሩ ይያዘው።

የጎረቤት ነገር ጥሩ ነው ብያለሁ። አንድ የሚያሳስት ጎረቤት ግን አለ፤ «ቱ»። «አይ ጎ ቱ ወርክ» ወደ ሥራ እሄዳለሁ ነው። «አይ ዎንት ቱ ወርክ» መሥራት እፈልጋለሁ ነው። ሁለቱም ላይ «ቱ ወርክ» አለ። በአንደኛው ስም፣ በሁለተኛው ግስ ነው። አማርኛ አንዱን «ወደ»፣ ሌላውን «መ» ብሎ ስለሚለያቸው ለእኛ ሁለት ነገሮች ናቸው። እንግሊዝኛው ለሁለቱም አንድ «ቱ» ሰጣቸው። ልጆቹን ያስተማርኳቸው መፈተኛ ይህች ናት። መሐል ላይ «ማይ» አስገቡ። «አይ ጎ ቱ ማይ ወርክ» ያስኬዳል፤ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። እንግዲያው ስም ነው። «አይ ዎንት ቱ ማይ ወርክ» ግን ይሰበራል። እንግዲያው ግስ ነው። ሁልጊዜ ባይሆንም በአብዛኛው ትሠራለች።

አሁን ወደ ራሳችን አፍ ልምጣ። እኛ ከተሜዎች እነዚህን ቃላት ቀኑን ሙሉ እንጠቀማለን። «ስልኬ ቻርጅ ጨርሷል»፣ «ቻርጅ አድርግልኝ»። «እንጦጦ ፓርክ ሄድን»፣ «መኪናውን እዚያ ጋ ፓርክ አድርገው»። «ላይክ አድርጉ፣ ሼር አድርጉ»። ልብ ብላችሁ ካያችሁ አማርኛ የሚያደርገው ነገር አለ። እንግዳውን ቃል ተቀብሎ አይነካካውም። ከጎኑ «አደረገ»ን ያቆምለታል። አደረግሁ፣ አደረግሽ፣ ታደርጋለህ፣ ያደርጋሉ እያለ የሚለዋወጠው እሱ ነው። «ቻርጅ» እንደ እንግዳ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ችግሩ የሚመጣው ይህን ይዘን ወደ እንግሊዝኛ ስንሄድ ነው። ልጆቹ «አይ ሜክ ቻርጅ ማይ ፎን» ብለው ይጽፋሉ። «አደረገ»ን ይዘውት ሄዱ ማለት ነው። እዚያ ግን አያስፈልግም። «ቻርጅ» ራሱ ግስ ሆኖ ይሠራል። «አይ ቻርጅ ማይ ፎን» ይበቃል። ትናንት ከሆነ «ቻርጅድ» ይላል። ይህን ስነግራቸው ብዙዎቹ ፊታቸው ላይ እፎይታ አያለሁ። ቃል ስለተቀነሰላቸው።

«ፓርክ»ን ካነሳሁ አይቀር፣ መናፈሻና መኪና ማቆም ምን አገናኛቸው ብሎ የጠየቀኝ ልጅ ነበር። ቃሉ ድሮ ለአደን የታጠረ መሬት ነበር። ቀጥሎ ጦር ሠራዊት መድፉንና ጋሪውን ሰብስቦ የሚያቆምበት ቦታም በዚሁ ቃል ተጠራ። ከዚያ ማቆሙ ራሱ «ፓርክ» ተባለ። «ቡክ»ም ታሪኩ ይመሳሰላል። መጽሐፍ ነው። ሆቴል ቡክ አደረግሁ ስንል ግን ስማችን መዝገብ ላይ ሰፈረ ማለት ነው። ዛሬ መዝገቡ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ ቃሉ ግን አልተቀየረም።

አማርኛም ቢሆን እንግዳውን ሁልጊዜ እንግዳ አድርጎ አያስቀምጥም። አንዳንዱን ያላምጠዋል። ፋብሪካ ከጣሊያን አፍ የመጣ ቃል ነው። አማርኛ ፍ፣ ብ፣ ር፣ ክ የሚሉትን አጥንቶች አወጣና «ፈበረከ» አለ። ይፈበርካል፣ ተፈበረከ፣ መፈብረክ። ልክ እንደ መሰከረ፣ እንደ ገለበጠ። ሹፌር «ሾፈረ»ን ወለደ። ብሩሽ «ቦረሸ»ን ወለደ። ፎርጅድ ሰነድ የሚሠራውን ሰው «ፎረጀ» እንለዋለን። ማንም ኮሚቴ ተቀምጦ አልወሰነውም። የተናጋሪው ምላስ ሠራው። እኔ ይህን ሳስብ በቋንቋችን እኮራለሁ። «ቻርጅ» እስከ ዛሬ «አደረገ»ን ተደግፎ ቆሟል፤ «ፈበረከ» ግን ባለቤት ሆኗል።

እንግሊዝኛ ለምን እንዲህ ሆነ? ድሮ እንዲህ አልነበረም። ከሺህ ዓመት በፊት እንግሊዝኛም ስምና ግስን በጅራታቸው ይለይ ነበር። ፍቅር «ሉፉ»፣ ማፍቀር «ሉፊያን»። መልስ «አንድስዋሩ»፣ መመለስ «አንድስዋሪያን»። ውሃም ማጠጣት ሲሆን መጨረሻው ላይ «ኢያን» ይቀጥል ነበር። ነገር ግን ቋንቋው የቃሉን ራስ አጥብቆ፣ ጅራቱን አለሳልሶ የሚናገር ሆነ። የሚለሰልስ ነገር ደግሞ እያደር ይጠፋል። በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ያዙ። ለረጅም ጊዜ የቤተ መንግሥቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። እንግሊዝኛ በአመዛኙ በሕዝቡ አፍ ቀረ። የድሮውን አጻጻፍ የሚጠብቅለት ጸሐፊ አነሰ። ድሮውንም መላላት የጀመሩት ጅራቶች በኋላ ፈጽመው ረገፉ። «ሉፉ»ም «ሉፊያን»ም ዛሬ «ላቭ» ናቸው።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ፀሐይ ሠረቀች ስንል በንጉሡ ሠ፣ ሌባ ሰረቀ ስንል በእሳቱ ሰ እንጽፋለን። በጥንቱ ግዕዝ ሁለቱ ፊደላት ድምፃቸውም የተለያየ ነበር። ዛሬ በአማርኛ አፋችን አንድ ናቸው። ፀሐይን ከሌባ የምንለየው በዙሪያው ባሉት ቃላት ነው። እንግሊዝኛ ላይ ይህ ነገር በሺህ በሚቆጠሩ ቃላት ላይ ደረሰ ብላችሁ አስቡት።

ሆኖም ሁሉም አልጠፋም። አንዳንዱ ልዩነት ዛሬም በድምፅ ይኖራል። «ሪኮርድ» ስም ሲሆን «ሪ» ላይ ድምፁ ይበረታል፣ ግስ ሲሆን «ኮርድ» ላይ። «ኢምፖርት» ስም ሲሆን መጀመሪያው፣ ግስ ሲሆን መጨረሻው ይበረታል። «ፐርሚት»ም እንደዚያው። በጽሑፍ አንድ፣ በንግግር ሁለት። እኛ ደግሞ ይህን ጨዋታ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። «ሰፊ» ብዬ ብጽፍ ልብስ የሚሰፋው ይሁን ጠባብ ያልሆነው ፊደሉ አይነግራችሁም። «ይበላል» ብዬ ብጽፍ እሱ ይበላል ይሁን ምግቡ ይበላል፣ የሚለየው መጥበቅና መላላት ነው። የመልስና የመልስ ነገርም ይኸው ነው።

ሌሎቹ በመጨረሻ ድምፃቸው ይለያሉ። እዚህ ላይ የእኛ ፊደል ከእንግሊዝኛው ይልቅ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ጥቅም «ዩስ»፣ መጠቀም «ዩዝ»። ቤት «ሃውስ»፣ ማስጠለል «ሃውዝ»። በእንግሊዝኛ ፊደል እነዚህ ሁለት ጥንዶች አንድ ዓይነት ነው የሚጻፉት። ምክር «አድቫይስ»፣ መምከር «አድቫይዝ» ደግሞ በጽሑፍም በአንድ ፊደል ይለያሉ። በሦስቱም ድምፁ ስሙ ላይ «ስ»፣ ግሱ ላይ «ዝ» ነው። ልጆቹ ይህችን ቶሎ ያዟት፤ ፊደላችን ስለረዳቸው።

ትርጉሙስ? ስሙን ካወቅን ግሱ ምን እንደሚያደርግ መገመት እንችላለን? በአብዛኛው አዎ። «ሃመር» መዶሻ ነው፤ ግሱ በመዶሻ መምታት። መሣሪያ ከሆነ በመሣሪያው መሥራት ነው። «ቦትል» ጠርሙስ ነው፤ ግሱ ጠርሙስ ውስጥ ማስገባት። ዕቃ መያዣ ከሆነ እዚያ ውስጥ መክተት ነው። ነገር ግን መጠንቀቅ ያለብን ቦታ አለ። «ሶልት» ጨው ነው፤ ግሱ ጨው መጨመር። «ሚልክ» ወተት ነው፤ ግሱስ? ወተት መጨመር አይደለም፤ ማለብ ነው። አንዱ ይጨምራል፣ ሌላው ያወጣል። ሰዋስው አይነግራችሁም፤ ኑሮ ነው የሚነግራችሁ። በየማለዳው ከማሳው ወዲያ ወተት ይዛ የምትመጣውን ሴት የሚያውቅ ልጅ፣ «ሚልክ ዘ ካው» ሲባል ላም ላይ ወተት እንደማይፈስ ያውቃል። «ደስት» ደግሞ ሁለቱንም ይሆናል። ጠረጴዛ ከሆነ አቧራ መጥረግ፤ ሊጥ ከሆነ ዱቄት መነስነስ። እዚህ ላይ የሚፈርደው ዕቃው ነው።

ይህ ነገር እንግሊዞቹንና አሜሪካኖቹንም አጨቃጭቋል። አሜሪካዊው ፖለቲከኛና ጸሐፊ ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1789 ለመዝገበ ቃላት አዘጋጁ ለኖህ ዌብስተር ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ያን ጊዜ የ83 ዓመት ሽማግሌ ነው። «ኖቲስ» የሚባለው ስም ግስ ተደርጎ ሲነገር ሰምቶ ቅር ብሎታል። «አድቮኬት»ንና «ፕሮግረስ»ንም ከሷል። ዌብስተር ተቃውሞ እንዲያሰማም ጠይቆታል። ዛሬ ሦስቱም በየመጽሐፉ ግስ ሆነው አሉ። የጎግልን ነገር ደግሞ እኛም በዘመናችን አይተናል። የኩባንያ ስም ነበር። ሰዎች መፈለግን በእሱ ጠሩት። በ2006 ኦክስፎርድም ሜሪያም ዌብስተርም ግስ ብለው መዘገቡት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ላክል። ሁሉም ቃል እንዲህ አይሆንም። «ፉድ» ምግብ ነው፤ መመገብ ግን «ፊድ» ነው። «ብለድ» ደም ነው፤ መድማት «ብሊድ»። «ሶንግ» ዘፈን፣ መዝፈን «ሲንግ»። እነዚህ እንደ ሥራና ሠራ አናባቢ የሚቀይሩ ናቸው። ብዙ አይደሉም። ቦታቸው ለይቶ መያዝ ነው።

ያን ማታ ይህን ሁሉ አልነገርኩትም፤ ሰባተኛ ክፍል ነው። ውሃን፣ ስምን፣ ወተትንና ጠርሙስን ይዞ ተነሳ። ደብተሩን እየዘጋ ግን ቆም አለ።

«ቲቸር፣ ጀሪካንስ?»

«ጀሪካን ምን?»

«ጠርሙስ ውስጥ ማስገባት ‹ቦትል› ከሆነ፣ ጀሪካን ውስጥ ማስገባትስ ‹ጀሪካን› አይባልም?»

እኔ መጽሐፍ ላይ አንብቤው አላውቅም። ነገር ግን «ዊ ጀሪካንድ ዘ ዋተር» ቢል እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይገባዋል። ይህንኑ ነገርኩት። ፍራንክሊን የተቆጣበት «ኖቲስ»ም አንድ ቀን እንዲህ አንድ ሰው አፍ ላይ ነው የጀመረው አልኩት።

ትንሽ ቆይቶ ከላይ «ውሃ መጣ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ልጆቹ በሙሉ ደረጃውን እየሮጡ ወጡ። እሱ ግን መጀመሪያ ተመለሰና ደብተሩ ጀርባ ላይ ዓረፍተ ነገሯን ጽፎ፣ «ጀሪካንድ» ከሚለው ሥር አሰመረበት። ከዚያ ቢጫ ጀሪካኑን ይዞ ወጣ።